ከምድር ውጭ ለመኖር ምን ያስፈልጋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰው በጨረቃ፣ በማርስ ወይም በምህዋር ላይ ሰፍሮ ስለመኖር ከደረሱን ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጠን መልሰናል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ስለ ሮኬት አንስተዋል። እኛ ግን አየር፣ ውኃ፣ ምግብና ጥገና ላይ ረዘም ብለን ቆይተናል፤ ሰፈሩ የሚጸናውም የሚፈርሰውም እዚያ ላይ ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ምድር ላይ ረሃብና ጦርነት እያለ ሰው ጨረቃና ማርስ ላይ ልስፈር የሚለው ለምንድን ነው? እውነት የሰው ዘርን ለማዳን ነው?» (ከደሴ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት እሱ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ዛሬ የሜክሲኮ ግዛት በሆነው ዩካታን ላይ ወድቆ ዳይኖሰሮችን ጨርሷል፤ ስለዚህ ሁለተኛ መኖሪያ ይኑረን ይላሉ። በእኛ ግምገማ ይህ ምክንያት ለዛሬ ደካማ ነው። አስትሮይዱ በወደቀ ማግስት እንኳ ምድር የሚተነፈስ አየርና የሚጠጣ ውኃ ነበራት፤ ማርስ በደህናው ቀኗም የላትም። ከምድር ስንቅ የሚጠብቅ ሰፈር ደግሞ መንኮራኩሩ ሲቀርበት የሚቆየው ያከማቸው እስኪያልቅ ብቻ ነው። አስትሮይድን በቀጥታ መከላከል ይቀላል፤ መስከረም 2022 ላይ የናሳ ዳርት መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከተባለው ትንሽ አስትሮይድ ጋር ሆን ተብሎ ተጋጭቶ በትልቁ አስትሮይድ ዙሪያ የሚዞርበትን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አሳጥሮታል።

ጠንካራው ምክንያት ዕውቀት ነው። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ ሮቦት የማራቶንን ርቀት፣ 42 ኪሎ ሜትር፣ ለመጨረስ ከ11 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። በ1972 የአፖሎ 17 ሁለት ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ በሦስት ቀን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተዋል፤ ያውም ድንጋዩን በዓይናቸው እየመረጡና እየቆፈሩ። በማርስ ሕይወት ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ለማወቅ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈርና ናሙናውን እዚያው መመርመር ይጠይቃል፤ ይህን ሥራ ደግሞ ሰው ከማሽን በብዙ እጥፍ ያፈጥነዋል። የናሳ ዓመታዊ በጀት ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ወጪ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ረሃብ የቀጠለው በዚህ ገንዘብ ምክንያት ነው ብለን አናምንም።

«አንድ ሰው በዓመት ስንት ኪሎ አየር፣ ውኃና ምግብ ይፈልጋል? ሁሉም ከምድር ይላካል?» (ከአዳማ)

መልስ፦ አንድ ጠፈርተኛ በቀን 0.84 ኪሎ ኦክስጅን ይወስዳል፤ 1 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማዘጋጃና ለንጽሕና የሚታሰብለት ውኃ 3.8 ሊትር ነው፤ ምግቡ ከነማሸጊያው 1.8 ኪሎ ይመዝናል። ይህ በዓመት 307 ኪሎ ኦክስጅን፣ 1,390 ኪሎ ገደማ ውኃና 660 ኪሎ ገደማ ምግብ ይሆናል፤ ሲደመር ከ2.3 ቶን ይበልጣል። በስፔስ ሸትል ዘመን አንድ ኪሎ ወደ ዝቅተኛ የምድር ምህዋር ለማውጣት ከ50,000 ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር፤ በፋልከን 9 ሮኬት ወደ 2,700 ዶላር ወርዷል። በዚህ በወረደው ዋጋ እንኳ የአንድ ሰው የዓመት ስንቅ ማጓጓዣ 6 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። ያውም 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለማድረስ ብቻ ነው፤ ማርስ ላይ ማሳረፉ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጃል።

ስለዚህ ሁሉም መልሶ መጣራት አለበት። በጠፈር ጣቢያው ሽንት፣ ላብና ከትንፋሽ የሚወጣ እርጥበት ተሰብስቦ ይጣራል። በ2023 ከውኃው 98 በመቶው ተመልሶ እንዲገኝ ማድረግ ተችሏል፤ በዚህ መጠን ከላይ የጠቀስነው 1,390 ኪሎ ወደ 28 ኪሎ ይወርዳል። እዚህ የተደረሰው ግን በቀላሉ አልነበረም። የሽንት ማጣሪያው ምድር ላይ ሲፈተሽ ከሽንቱ 85 በመቶ ውኃ እንዲያወጣ ሆኖ ነበር የተሠራው፤ ምህዋር ላይ ሲሠራ ግን ውስጡ በካልሲየም ሰልፌት፣ ማለትም በጄሶ፣ ተደፈነ። ምክንያቱ ሁለት ነገሮች መገናኘታቸው ነው። ክብደት በሌለበት ቦታ አጥንት ካልሲየም ስለሚያጣ የጠፈርተኛ ሽንት ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፤ ሽንቱ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ ሰልፌቱን ያመጣል። ለጊዜው ከእያንዳንዱ ዙር የሚወጣው ውኃ እንዲቀነስ ተደረገ፤ በኋላም ሰልፈሪክ አሲዱ በፎስፈሪክ አሲድ ሲተካ ማጣሪያው ወደ 85 በመቶው ተመለሰ። ቀሪውን ያስገኘው ከዝቃጩ ላይ ውኃ የሚያተን ተጨማሪ መሣሪያ ነው።

ኦክስጅን የሚገኘው ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በመክፈል ነው። ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በጋለ የብረት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን) ላይ ሲያሳልፉት ውኃና ሚቴን ይሰጣል፤ ውኃው ይመለሳል፣ ሚቴኑ ግን ወደ ሕዋ ይለቀቃል። ሚቴኑ ሃይድሮጅን ይዞ ስለሚሄድ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውስጥ ተመልሶ የሚገኘው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ቋሚ ሰፈር ይህን ቀዳዳ መድፈን አለበት፤ ወይ ሚቴኑን ሰንጥቆ ሃይድሮጅኑን ማስቀረት፣ ወይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለተክል መስጠት።

በዚህ ላይ የአየር ማራገቢያ አለ። በምህዋር ላይ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለማይወጣ የተኛ ሰው ያስወጣው ትንፋሽ ፊቱ ላይ ይጠራቀማል፤ ማራገቢያው ከቆመ በራስ ምታት ይነቃል።

«ታዲያ ዘግቶ ተክል መትከል አይበቃም? ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፣ እኛም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንሰጠዋለን።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በአሪዞና ኦራክል ከተማ አጠገብ በተገነባው ባዮስፌር 2 ይህ በትክክል ተሞክሯል። ስምንት ሰዎች ከ1991 እስከ 1993 ለሁለት ዓመት 1.27 ሄክታር በሚሸፍን የታሸገ የመስታወት ቤት ውስጥ ኖሩ። በ16 ወራት ውስጥ የአየሩ ኦክስጅን ከ20.9 በመቶ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ይህ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በባሌ ሳነቴ አምባ ላይ እንደ መኖር ነው። ነዋሪዎቹ ደከሙ፤ እንቅልፍ ከለከላቸው፤ በመጨረሻ ከውጭ ኦክስጅን ተጨመረላቸው።

ጥፋቱ የአፈሩ ነበር። ለሰብሉ ብለው በኮምፖስትና በብስባሽ ያበለጸጉት አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ተክሎቹ ከሚያመርቱት በላይ ኦክስጅን ፈጁ። ነገሩ ቶሎ ያልተደረሰበት ደግሞ የሚጠበቀው ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየሩ ውስጥ ስላልታየ ነው፤ አዲሱ የኮንክሪት ግድግዳ እየመጠጠ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ለውጦት ነበር። ምድር ላይ ሰፊው ከባቢ አየርና ውቅያኖስ እንዲህ ያለውን ስሕተት ያቻችሉታል። በትንሽ ቤት ውስጥ ግን ሚዛኑ የሚዛባው በሳምንታት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የሚነደፉ የጠፈር እርሻዎች አፈር ትተው ሥሩን በማዕድን ውኃ የሚመግቡት፤ የተክል ተረፈ ምርቱም ተቆጣጥረው በሚያቃጥሉት ወይም በሚያበሰብሱት ዕቃ ውስጥ ይገባል።

«ጤፍ ማርስ ላይ ይበቅላል? እንጀራስ ይጋገራል?» (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጥያቄው ደስ ይላል፤ ስሌቱም ብዙ ያሳያል። የጤፍ አማካይ ምርት በአገራችን በሄክታር 19 ኩንታል ገደማ ነው እንበል፤ በካሬ ሜትር 190 ግራም ይሆናል። በቀን 2,500 ካሎሪ ከጤፍ ብቻ የሚያገኝ ሰው 680 ግራም ገደማ፣ በዓመት ወደ 250 ኪሎ ይበላል። በዓመት አንዴ ከታጨደ ለአንድ ሰው 1,300 ካሬ ሜትር፣ ሦስቴ ከታጨደ 430 ካሬ ሜትር ይፈለጋል። በሌላ በኩል በ1980ዎቹ በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተዘጋ ክፍል፣ በኃይለኛ ብርሃንና በማዕድን ውኃ የበቀለ ስንዴ በካሬ ሜትር በቀን እስከ 60 ግራም ፍሬ ሰጥቷል፤ በዚህ መጠን ለአንድ ሰው 12 ካሬ ሜትር ይበቃል።

የማሳን ጤፍ ከክፍል ስንዴ ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም፤ ልዩነቱን በአብዛኛው የሠራው ብርሃኑ ነው። ለዚያ ምርት በካሬ ሜትር በቀን 150 ሞል (የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ገደማ ብርሃን ተሰጥቷል፤ ይህ በብሩህ የበጋ ቀን ከቤት ውጭ ከሚገኘው እጥፍ በላይ ነው። ዛሬ ባሉት ጥሩ የኤልኢዲ አምፖሎች ይህን ለመስጠት በካሬ ሜትር በቀን 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ለ12 ካሬ ሜትር ሲባዛ ያለማቋረጥ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ማመንጫ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው ምግብ ብቻ። በ2018 ናሳ በኔቫዳ የሞከረው የኪሎፓወር ዓይነት ትንሽ የኒውክሌር ማመንጫ በንድፉ ከ1 እስከ 10 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ከሶላር ፓነል የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በዚያው በ2018 የማርስ አቧራ ዐውሎ ነፋስ ኦፖርቹኒቲን እንዴት ከጥቅም ውጭ እንዳደረጋት ያስታውስ። ስለዚህ የጠፈር እርሻ ጥያቄ ከዘሩ በፊት የኤሌክትሪክ ጥያቄ ነው።

ጤፍ ሌሎች ሁለት እንቅፋቶች አሉበት። ሰው በሚኖርበት የታሸገ ቤት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ይላል፤ ስንዴ፣ ሩዝና ድንች በዚህ ምርታቸው ይጨምራል፣ እንደ ጤፍና በቆሎ ያሉት ግን በተፈጥሯቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድን አስቀድመው ስለሚያከማቹ ጥቅሙ ይቀንስባቸዋል። ሁለተኛው ቀጭኑ አገዳ ነው፤ ማዳበሪያ ሲበዛለት ረዝሞ ይተኛል፣ በማዕድን ውኃ የሚመገብ ተክል ደግሞ ሁልጊዜ የጠገበ ነው። አጭር አገዳ ያለው ዝርያ ያስፈልጋል።

መጋገሩ ይቻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ ሰዓቱ ከሌሎች ሥራዎች ጋር መቀናጀት አለበት፤ እንፋሎቱ በአየር ማድረቂያው ተይዞ ወደ ውኃ ታንከር ይመለሳል። የቤቱ አየር ግፊት ከምድር ዝቅ ከተደረገ (ምክንያቱን ከታች ይመልከቱ) ውኃ 85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ የሚያውቅ ባለ ሙያ ሽሮው ለምን እንደሚዘገይ ይገባዋል።

«የጨረቃ ቤት እንዴት ይሠራል? በአፈሩ ጡብ ማምረት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ።» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጡቡ ይመረታል፤ አየር የሚይዘውን ግድግዳ ግን በጡብ አይሠሩም። ውስጡ እንደ ምድር ባለ አየር ከተሞላ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ በ10 ቶን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል፤ ውጭ የሚመልሰው ምንም አየር የለም። ጣሪያው ላይ 3 ሜትር አፈር ቢከመር፣ በካሬ ሜትር አምስት ቶን ገደማ የሚሆነው ያ አፈር በጨረቃ ስበት የሚጫነው 0.8 ቶን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ እንደ መኪና ጎማ ከውስጥ የተወጠረ ነው። ጡብና ኮንክሪት ሲጫኗቸው ይችላሉ፣ ሲስቧቸው ይሰነጠቃሉ። አየሩን የሚይዘው ከአሉሚኒየም ወይም ከጠንካራ ጨርቅ የተሠራ ታንከር መሰል ዕቃ ነው፤ አፈሩ የሚከመርበት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ያ ጉዳይ ጨረር ነው። በ2019 ቻንግ ኤ 4 የተባለችው የቻይና መንኮራኩር በጨረቃ ላይ በቀን 1.37 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ለካች። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚፈቅደው 600 ሚሊሲቨርት ነው፤ መከለያ የሌለው ሰው በ440 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። ቀጭን ብረት አይበቃም፤ እንዲያውም ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ የሚመጡት ከባድ ቅንጣቶች ብረቱን ሲመቱ ኒውትሮን ያፈናጥራሉ። ከ2 እስከ 3 ሜትር አፈር፣ አለዚያም ሃይድሮጅን የበዛባቸው ውኃና ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ይሻላሉ። የፀሐይ ማዕበል ደግሞ ድንገት ይመጣል፤ በነሐሴ 1972 በአፖሎ 16 እና 17 ጉዞዎች መካከል የተነሣው ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ እያሉ ቢሆን ኖሮ ክፉኛ ይጎዳቸው ነበር።

የአየር ግፊቱ ሌላ ውሳኔ ነው። እንደ ምድር ባለ ግፊት የሚኖር ሰው ዝቅተኛ ግፊት ያለውን የጠፈር ልብስ ለብሶ ከመውጣቱ በፊት ናይትሮጅኑን ከደሙ ለማስወጣት ለሰዓታት ንጹሕ ኦክስጅን መተንፈስ አለበት፤ ካልሆነ ጠላቂ ዋናተኞችን የሚይዘው የመገጣጠሚያ ሕመም ይይዘዋል። ለዚህ ናሳ 56.5 ኪሎ ፓስካል ግፊትና 34 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር መርጧል። ዋጋው እሳት ነው፤ ኦክስጅን በመቶኛ ሲጨምር ብዙ ዕቃ በቀላሉ ይነዳል። ጥር 1967 በአፖሎ 1 የምድር ላይ ሙከራ ሦስት ጠፈርተኞች በንጹሕ ኦክስጅን በተሞላ ክፍል ውስጥ በተነሣ እሳት ሞተዋል።

አቧራውንም አትርሱ። ነፋስና ውኃ ስላልፈጩት እንደ መስታወት ስብርባሪ የሾለ ነው፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚሞላም ልብስ ላይ ይጣበቃል። የአፖሎ ልብሶች በሦስት ቀን ውስጥ መገጣጠሚያቸው መያዝና ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። ጥሩው መፍትሔ ልብሱን ወደ ቤት አለማስገባት ነው፤ ልብሱ ከውጭ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ሰውየው በጀርባ በር ይገባበታል።

«ጨረቃ ትቅደም ወይስ ማርስ?» (ከዱባይ)

መልስ፦ ጨረቃ። ማርስ የተሻለ ሀብት አላት፤ ቀኗ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው፣ ስበቷ የምድር 38 በመቶ ነው፣ ከምድሯ በታች በረዶ አለ፣ አየሯም 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚህ አየር ኦክስጅን ማውጣት እንደሚቻል ፐርሲቪራንስ በተባለው የማርስ ሮቦት ላይ የተጫነው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ አሳይቷል፤ አየሩን ጨምቆ በ800 ዲግሪ ሙቀት በኤሌክትሪክ ከፋፍሎ ከ2021 እስከ 2023 በ16 ሙከራ 122 ግራም አመረተ። ይህ ለአንድ ሰው የሦስት ሰዓት ተኩል ትንፋሽ ነው፤ መንገዱ ግን ተከፍቷል።

ጭንቁ ርቀቱ ነው። የጉዞ ጊዜው በ26 ወር አንዴ ይመጣል፤ ጉዞው ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል፤ የሬዲዮ መልእክት ለመድረስ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ፓምፕ ቢበላሽ መለዋወጫው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርሳል። እስካሁን ማርስ ላይ ያረፈው ከባዱ ዕቃ ፐርሲቪራንስ ራሱ ነው፤ 1,025 ኪሎ። የመኖሪያ ቤት በአሥር ቶኖች ይቆጠራል፤ የማርስ አየር ደግሞ በፓራሹት ለማቆም እጅግ ስስ ነው። አፈሯ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ የሚደርስ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አለ፤ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያውካል፣ በውኃ ግን ይታጠባል።

ጨረቃ ሦስት ቀን ብቻ ነው የምትርቀው። በ2009 ኤልክሮስ የተባለው ተልእኮ በደቡብ ዋልታዋ ካቢየስ በተባለ ፀሐይ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ሮኬት አጋጭቶ ከተነሣው አቧራ 5.6 በመቶ ገደማ ውኃ አግኝቷል። ማጣሪያው ቢደፈን ሰዎቹ ወደ ምድር መመለስ ይችላሉ። ለስድስት ወር ያለ ጥገና የሚሠራ የአየርና የውኃ ዕቃ ጨረቃ ላይ ሳይታይ ሰውን ወደ ማርስ መላክ ተገቢ ነው ብለን አናምንም።

«ዳሎል ማርስን ስለሚመስል ለማሠልጠኛ አይሆንም?» (ከመቀሌ)

መልስ፦ የሕይወትን ወሰን ለማጥናት ይሆናል፤ በ2019 የታተመ ጥናት ጨውና አሲድ እጅግ በበዙባቸው የዳሎል ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘም፤ ይህ በማርስ የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል። ለኑሮ ማሠልጠኛ ግን አይመችም። ማርስ በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነች፤ ዳሎል በምድር እጅግ ሞቃት ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው።

«መንኮራኩሩን በማሽከርከር ስበት መፍጠር ከተቻለ ለምን አይደረግም?» (ከጅማ)

መልስ፦ ስፋቱ ነው የሚያስቸግረው። በደቂቃ አንዴ ለሚዞር ቤት የምድርን ስበት የሚሰጠው ራዲየስ 894 ሜትር ነው፤ ሁለቴ ከዞረ 224 ሜትር፣ አራቴ ከዞረ 56 ሜትር ይሆናል። ራዲየሱ ሲያጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጭንቅላቱን ያዞረ ሰውም ያጥወለውለዋል። አብዛኛው ሰው ሁለት ዙር በደቂቃን ይለምዳል ተብሎ ይታሰባል። የፕሪንስተኑ የፊዚክስ ሊቅ ጄራርድ ኦኒል በ1970ዎቹ 6.4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሲሊንደሮች ያቀደው በዚህ ስሌት ነው። ርካሹ መንገድ ሁለት መንኮራኩሮችን በረጅም ገመድ አስሮ ማሽከርከር ነው፤ የአሜሪካው መንኮራኩር ጄሚኒ 11 በ1966 በጥቂቱ ሞክሮታል።

ይህ ጉዳይ ችላ የተባለ ይመስለናል። ክብደት በሌለበት ቦታ የዳሌ አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይቀንሳል፤ ጠፈርተኞች በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ የሚሠሩት ስፖርት ጉዳቱን በአብዛኛው ይገታል። በጨረቃ ወይም በማርስ ስበት ምን እንደሚሆን የሚነግረን የሰው መረጃ ግን የአፖሎ 17 የ75 ሰዓት ቆይታን አያልፍም። ልጅ ወልዶ ስለማሳደግ ከመነገሩ በፊት ይህ መለካት አለበት።

«ጨረቃ ላይ መሬት መግዛት ይቻላል?» (ከሃይፋ)

መልስ፦ አይቻልም። የ1967ቱ የሕዋ ውል ማንም መንግሥት የጨረቃን ወይም የሌላ ሰማያዊ አካልን መሬት የራሴ ነው እንዳይል ይከለክላል፤ መንግሥት የሌለውን ለግለሰብ ሊሸጥ አይችልም። ቆፍረው ያወጡት ማዕድን የማን ነው የሚለው ግን ያከራክራል፤ አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ያወጣው ይውሰደው የሚል ሕግ አውጥተዋል። የመሬት ካርታ እንሸጣለን ለሚሉ ገንዘብዎን አይስጡ።

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ምን ላጥና? ከአሁኑስ ምን ልሞክር?» (ከጎንደር)

መልስ፦ የሮኬት ምሕንድስና ብቻ አይታይህ። ከላይ ያየናቸው ችግሮች የኬሚካል መሐንዲስ፣ የውኃ ማጣራት ባለሙያ፣ የተክል ሳይንስ ተመራማሪ፣ የብየዳና የፓምፕ ጥገና ሰው ይፈልጋሉ።

ከትምህርት ቤትህ የሳይንስ ክበብ ጋር ባዮስፌር 2ን በትንሹ መድገም ትችላለህ። ሃያ ሊትር የሚይዙ ሁለት ግልጽ ሣጥኖች፣ እስከ 10,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ ማለት ነው) የሚያነቡ ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያዎችና ሲሊኮን ማሸጊያ አዘጋጁ። እስከ 5,000 ብቻ የሚያነበው ርካሽ መለኪያ ኮምፖስት ለሚገባበት ሣጥን አይበቃም። መጀመሪያ ሣጥኖቹን ባዶ እንዳሉ በቱቦ ተንፍሱባቸውና አሽጉ፤ ንባቡ እስኪነጋ ከወረደ ቀዳዳ አለና ሲሊኮኑን ድገሙት። ከዚያ በአንዱ በታጠበ ጠጠርና በማዕድን ውኃ፣ በሌላው ኮምፖስት በበዛበት አፈር እኩል የሰላጣ ችግኝ ትከሉ። መለኪያውን ከላይ ሰቅላችሁ በፕላስቲክ ከልሉት፤ ጤዛ ካረፈበት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። በቀጥታ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ የታሸገ ሣጥን በአንድ ሰዓት ውስጥ ችግኙን ይቀቅለዋል። ጠዋት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትና ማታ ከመጥለቋ በፊት ለሦስት ሳምንት መዝግቡ። የጠጠሩ ሣጥን ሌሊት ወጥቶ ቀን ይወርዳል፤ የኮምፖስቱ ግን ቀን የሚወርደው ሌሊት ከወጣው እያነሰ ይሄዳል። ከዚያ ችግኝ በመጨመር፣ ኮምፖስቱን በመቀነስ ወይም የብርሃን ሰዓት በማራዘም ሚዛኑን ለመመለስ ሞክሩ፤ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይሩ።